ደረት ላይ የዋለ ፊት

ሐምሌ በገባ በሦስተኛው ቀን ገበያ መሐል ዝናብ ያዘኝና ሳዲቅ ጨርቅ ከሚሸጥበት ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለልሁ። በዚያ በረንዳ ጥግ ልብስ ሰፊው ጋሽ ይሄነው የስፌት መኪናቸውን አቁመው ይሠራሉ። ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ሰው ሁሉ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ቆሟል።

ምናለ የሚባለው ተሸካሚ ኩንታሉን አራግፎ ከእህል ተራ በኩል እየሮጠ መጣ። የለበሰው አንድ ስስ ካናቴራ ብቻ ነበር፤ እሱም ትከሻው ላይ ተቀዶ፣ በስብሶ ገላው ላይ ተጣብቋል። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ጋሽ ይሄነው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው አዩትና ከመኪናው ሥር ካለው ከረጢት ወፍራም የካኪ ሸሚዝ አወጡ። አዲስ ነው፤ የቁልፎቹ ክር ጫፍ እንኳ ገና አልተቆረጠም።

“ያን አውልቅና ይሄን ልበስ” አሉት።

“ኧረ ጋሼ፣ የሰው ልብስ አያልብሱኝ!”

“ያንተ ነው። በዓይኔ ለክቼ ነው የሰፋሁት፤ እጅጌው ካጠረህ ዓይኔን ውቀስ።”

ሳዲቅ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ፣ “ልበስ አንተ! ወሏሂ ለሠርግህም ይሆንሃል” አለው።

“ሙሽራዋን ማን ይሰጠኛል? እንግዲያውስ ልጅህን ጨምርበት!”

“ልጄማ ኩንታል አትሸከምም፤ አንተን ተሸክማ ምን ትሆናለች?”

የተጠለለው ሰው ሳቀ። ምናለ እየሳቀና እየተንቀጠቀጠ ልብሱን ለወጠ። ጋሽ ይሄነው ግን አልሳቁም። አሮጌውን ካናቴራ ተቀብለው ውኃውን ጨመቁ፤ ጨምቀው አልጣሉትም፤ የፊቱን ወደ ውስጥ አድርገው እንደ አዲስ ልብስ በጥንቃቄ አጠፉና ከጉልበታቸው ላይ አኖሩት። እጃቸውን ከላዩ ጭነው ዝናቡ እስኪያባራ ተቀመጡ።

እኔ የዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው ወደ ቤቴ የገባሁት። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ለነዳይ ስትመጸውት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስብ ነበር። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ “ሰጪው ሲታይ ተቀባዩ ያፍራል” አለችኝ። ዛሬ ግን የሚሰጠው ሁሉ መጀመሪያ ስልኩን ነው የሚያወጣው። ያለ ስልክ፣ ያለ ጭብጨባ የሚያለብስ ሰው በከተማችን መኖሩን እግዚአብሔር ስላሳየኝ አመሰገንሁ።

በማግስቱ የሚያጥር ሱሪ ይዤ ሄድሁ። እውነቱን ለመናገር ሱሪው ሰበብ ነው።

“ጋሽ ይሄነው፣ ትናንት ያደረጉትን አይቻለሁ። እግዚአብሔር በጽድቅ ይቁጠርልዎ” አልኋቸው።

የመኪናው እግር ቆመ። “ምኑን አየህ?”

“ምናለን ሲያለብሱት።”

“እሱ ጽድቅ አይደለም፣ አለምነው። ልዋጭ ነው። አሮጌ ሰጠኝ፣ አዲስ ሰጠሁት።”

“አሮጌው ምን ያደርግልዎታል?”

ሱሪዬን ገለበጡት፣ ስፌቱን በጥፍራቸው ዳሰሱት። ቀና ሳይሉ፣ “የልጄ ፊት ነዋ ያለበት” አሉ።

የልጅቱን ስም እዚህ አልጽፍም። ስሟም መልኳም ከሚገባው በላይ አደባባይ ውሏል። ከተማችን መካነ ሰላም ውስጥ ግን ማን እንደሆነች የማያውቅ የለም፤ እኔም ያኔ ነገሩ ገባኝና ሱሪዬን ትቼ ሣጥን ላይ ተቀመጥሁ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሳምንታት፣ ሥራ ሲቀዘቅዝላቸው እየሄድሁ ከራሳቸው አፍ የሰማሁትንና ራሴም ያየሁትን ነው የምጽፈው።

ጋሽ ይሄነው የተወለዱት በከላላ በኩል ነው። በአሥራ አምስት ዓመታቸው ከበቅሎ ወድቀው ቀኝ እግራቸው ተሰበረ፤ ወጌሻው ቢያሽም እግሩ እንዳጠረ ቀረ። አባታቸው “ከእንግዲህ ሞፈር አይሆንልህም” ብለው መካነ ሰላም አምጥተው ከአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ዘንድ አስገቧቸው። ያው እንደገቡ ቀሩ። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የካህን ቀሚስ፣ የሼኽ ጀለቢያ ይሰፋሉ። በጥምቀትም በአረፋም ፋታ የላቸውም። “የቆምሁበት እግር ቢያጥርም የምረግጥበት እግር አላጠረም” ይላሉ፤ መኪናውን ማለታቸው ነው።

ያገቡት ዘግይተው ነው። ሚስታቸው ልጅቱ አራት ዓመት ሲሆናት ዐረፉ። ሌላ አላገቡም። የከላላዋ እኅታቸው ወይዘሮ እቴቴ እየተመላለሱ ልጅቱን አጠቡ፣ ጸጉር ሠሩ፣ አብልተው አሳደጉ። አባትየው ደግሞ ከብጣሽ ጨርቅ ቀሚስ ይሰፉላት ነበር፤ አንዱ እጅጌ አበባ፣ አንዱ እጅጌ መስመር። “ባለ ብዙ አገር” እያልን እንቀልድባት ነበር። ፊደል ከቆጠረች በኋላ እኔ ዘንድ እየመጣች መጽሐፍ ትዋስ ጀመር። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍሁ ሰው ነኝ፤ ያለኝም አንድ መደርደሪያ አይሞላም። እሷ ግን የወሰደችውን በጋዜጣ ሸፍና፣ አንድ ገጽ ሳታጥፍ ትመልሳለች።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት የትምህርት ቤቱ ዳገት አቃታት። ሦስት እርምጃ ሄዳ ትቀመጣለች። ከንፈሯ ጠቆረ፣ ዓይኗ አበጠ፣ አንገቷ ቀጠነ። ጠበል ተወሰደች፤ ከዚያም ደሴ ተወሰደች። የልብ ሕመም ነው፣ ልቧ ውስጥ ያለው መዝጊያ ተበላሽቷል፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል ተባለ። ወረፋ ተመዘገበች።

ሄለን የምትባለው ልጅ ያገኘቻቸው እዚያው ደሴ፣ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነው። ሄለንና ጓደኞቿ ከአዲስ አበባ የመጡ የበጎ አድራጎት ማኅበር ወጣቶች ናቸው። ጋሽ ይሄነው ስለ ሄለን ክፉ ነገር አይናገሩም፤ እኔም አልሰማሁም። መሬት ላይ ከልጅቱ አጠገብ ተቀምጣ ብርቱካን ልጣ አጎረሰቻት። አለቀሰች፤ የእውነት አለቀሰች። ከዚያ፣ “አባባ፣ ፎቶ ብናነሳት ሰው ይደርስላታል” አለች። እሳቸውም እሺ አሉ።

ወረፋዋ በጊዜው ደረሰ። ከውጭ የመጡ ሐኪሞች አዲስ አበባ ላይ በነጻ ሠሩላት። የማረፊያና የመጓጓዣውን ነገር እነ ሄለን ቻሏቸው። ልጅቱ ድና ተመለሰች። መኪና ተራ ተቀብለናት፣ እልል ብለን ዳገቱን በእግሯ ስትወጣ ያየን ሁሉ አልቅሰናል። በጎውን ሳልጽፍ ብቀር በደል ይሆንብኛል።

ፎቶው ግን አልተመለሰም። እዚያው ቀረ፤ ቀርቶም ካናቴራ ሆነ። ያ ያበጠ ዓይን፣ ያ የጠቆረ ከንፈር፣ የአንገቷ አጥንት ሳይቀር ነጭ ካናቴራ ላይ ታተመ። ከሥሩ “ልቧ ልቤ ነው” የሚል ጽሑፍ አለ። በመጀመሪያ ለእሷና ለመሰሎቿ መርጃ ነበር የሚሸጠው። ኋላ ወጣቱ ወደደው። በሩጫ ላይ ለበሱት፣ በሙዚቃ ዝግጅት ላይ ለበሱት፣ ካፌ ተቀምጠው በሱ ፎቶ ተነሡ። በጥቁር ወጣ፣ በቢጫ ወጣ፣ እጅጌ የሌለውም ወጣ። እዚህ ከተማ ያለን ሰዎች በስልክ እያየን፣ “የይሄነው ልጅ አገር ምድሩን ለበሰችው” አልን። እውነቱ ግን አገር ምድሩ እሷን መልበሱ ነበር።

“ኮራሁ” አሉኝ ጋሽ ይሄነው። “ለምን እዋሻለሁ? አንዱን ልከውልኝ በመስታወት አስገብቼ እዚች ግድግዳ ላይ ሰቀልሁት። ደንበኛ ሲመጣ፣ ‘የማን ናት?’ እንዲለኝ ነው።”

“እሷስ ምን አለች?”

“አንድ ቀን ምሳዬን ይዛ መጣችና ቆማ አየችው። ‘አባዬ፣ እኔ እኮ አሁን አልታመምሁም፤ ለምን ያቺን ያሳያሉ?’ አለችኝ። እውነቷን ነው። ጉንጯ ሞልቶ፣ ቀልታ፣ ዳገቱን ሩጣ ነበር የምትወጣው። እኔም ለሄለን ደወልሁ። ‘ልጄ፣ ድናለችና አዲስ ፎቶ ልላክላችሁ፤ ይሄን ለውጡት’ አልኋት።”

“ምን አለች?”

ጋሽ ይሄነው የሄለንን አነጋገር ለመምሰል ድምፃቸውን አለሳለሱ። “‘አባባ፣ ደስ ሲል! ግን ሕዝቡ የለመዳት ያችኛዋን ነው። የአሁኗን ቢያዩ አይነካቸውም’ አለችኝ። በክፋት አይደለም። የነገሩን አሠራር ነው የነገረችኝ። እኔም ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰው የለመደው ቅድ እንደሚሸጥ አውቃለሁ። እሺ ብዬ ዘጋሁት።”

ሁለት ዓመት አለፈ። አዲስ አበባ ላይ ሌላ ችግር፣ ሌላ ፊት፣ ሌላ ቀለም መጣ። የልጅቱ ካናቴራ ፋሽኑ አለፈበት። የተረፈውም በማዳበሪያ ታሽጎ፣ ለችግረኞች እርዳታ ተብሎ ወደ ገዛ አገሯ ተጫነ።

ዕደላው የተደረገው በአንድ አዳራሽ ነው። እኔም ነበርሁ። ጋሽ ይሄነውን አዲስ ኮት አልብሰው ከፊት አቆሟቸው፤ ያንን የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው እያነሡ ለሰው የሰጡት ራሳቸው ናቸው። ፎቶ አንሺውም በየመሐሉ፣ “አባባ፣ ትንሽ ከፍ!” ይላል። አሮጊቶች ወሰዱ፣ ተሸካሚዎች ወሰዱ፣ ከገጠር ለጉዳይ የመጡ ገበሬዎች ወሰዱ። ቀዝቃዛ አገር ነው፤ ልብስ የተባለ አይመለስም። እኔም ወሰድሁ። ሲበርደኝ ከኮቴ ሥር እለብሰው ነበር።

ስሕተታችን የታየን በሚቀጥለው የገበያ ቀን ነው።

በእኛ አገር ሰው ሲሞት ቤተ ዘመዱ የሟቹን ፎቶ ካናቴራ ላይ አሳትሞ ይለብሳል። ይህ ልማድ ከከተማ መጥቶ እስከ ገጠር ከዘለቀ ቆይቷል። ገጠሬው ሰው ደረት ላይ ፎቶ ካየ፣ የሞተ ሰው ነው፤ ሌላ ትርጉም አያውቅለትም። የዚያን ቀን ወይዘሮ እቴቴ ከአሥራ ምናምን ዘመዶቻቸው ጋር ከከላላ ገበያ መጥተው ነበር። ገና እህል ተራ ሳይደርሱ አንድ ደረት ላይ የልጅቱን ፊት አዩ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሦስት አንድ ላይ። ያውም ዓይኗ ያበጠ፣ ከንፈሯ የጠቆረ፣ ሞት የተጻፈበት ፊት። ወይዘሮ እቴቴ ያዘሉትን እህል እዚያው ገበያ መሐል ጥለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ታጠቁ።

እያለቀሱ ወደ ወንድማቸው ቤት ዳገቱን ወጡ። ጎረቤቱም ለቅሶ ሲሰማ ሳይጠይቅ ተከተለ፤ ለቅሶ ተጠይቆ አይታወቅም። የእድራችን ጥሩምባ ነፊም ሰምቶ ወጣ። እኔ ቤቴ ሆኜ ጥሩምባውን፣ ከጥሩምባው በኋላም የልጅቱን ስም ከነአባቷ ሲጠራ ሰማሁ። ማለዳ መጽሐፍ መልሳልኝ የሄደች ልጅ ናት። ጫማዬን ሳላደርግ ነው የወጣሁት።

ስደርስ ጋሽ ይሄነው እጃቸውን እያወዛወዙ በራፋቸው ላይ ቆመዋል፤ ድምፃቸው ግን ከለቅሶው በላይ አይሰማም። ወይዘሮ እቴቴ ደረታቸውን እየመቱ ወንድማቸው እግር ሥር ወደቁ።

“መርዶ ሳታረዳኝ! ይሄነው፣ ያሳደግኋትን ልጅ መርዶ ሳታረዳኝ ቀበርካት! ምን በድዬህ ነው?”

“እቴቴ፣ ስሚኝ፤ አልሞተችም!”

“ደግሞ ይዋሸኛል! አገሩ ሁሉ ደረቱ ላይ አስሯት!”

የእድሩ ወጣቶች የድንኳን ቋሚ ተሸክመው ደርሰዋል። ያን ጊዜ ልጅቱ ከጓሮ ወጣች። ጸጉሯን እየታጠበች ኖሮ አረፋው ጆሮዋ ላይ ነበር። አንድ ሽማግሌ “በስመ አብ!” ብለው አማተቡ። ወይዘሮ እቴቴ በጉልበታቸው ሄደው እግሯን፣ ወገቧን፣ ፊቷን ዳሰሷት። ልጅቱም ሳቀች፤ መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። “እቴቴ፣ ገና ነኝ እኮ” አለች። ከዚያ እኛም ሳቅን፤ ድንኳን የተሸከመው ወጣት፣ “እንግዲህ ይሄን ቋሚ ለማን ልትከለው?” ብሎ ጭራሽ አሳቀን።

ዞር ስል ግን ሳቁ ከልጅቱ ፊት ጠፍቷል። ከጎረቤቶቹ አራቱ ያንኑ ካናቴራ ለብሰዋል። ከአንዱ ወደ አንዱ እያየች ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀላል አልሆነም። ትምህርት ቤት “ሟቿ መጣች” የሚሏት ተነሡ። የልጆች ቀልድ ነው፤ ቢሆንም በየቀኑ ነው። ጥሩምባ የተነፋበት ስም በጎ አይገጥመውም የሚሉ አሮጊቶችም አልጠፉም። ገበያ አልሄድ አለች። አሥረኛ ክፍልን እንደምንም ጨርሳ ክረምቱ ሲወጣ ከአባቷ ጋር ተጣሉ። የተጣሉበትን ቃል ጋሽ ይሄነው የነገሩኝ መኪናውን ዘይት እየቀቡ፣ ወደኔ ሳያዩ ነው።

“ያን በመስታወት ያለውን አውርደው አለችኝ። ‘ሰው ምን ይለኛል’ አልኋት። ‘እኔንስ ማን ምን አለኝ? እኔን ማን ጠየቀኝ?’ አለች። እቴቴም ነበረች፣ ጎረቤትም ነበር። እኔም፣ ‘ያተረፉሽ ሰዎች እኮ ናቸው! ውለታ ቢስ!’ አልኋት። በሰው ፊት።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ፣ በማግስቱ የደሴ አውቶቡስ ላይ ናት። እዚያ ዳቦ ቤት እየሠራች ማታ ትማራለች አሉኝ። ስልኬን አታነሣም። ደህና መሆኗን የምሰማው ከአውቶቡሱ ረዳት አፍ ነው። ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው።”

ልዋጩን የጀመሩት ያኔ ነው። በመስታወት ያለውን አወረዱ፤ ከዚያ የሌላውን ሰው። ልጅቱ ስትመለስ ፊቷ የትም እንዳይቆያት ነው ሐሳባቸው። ዝም ብሎ ስጡኝ ማለት ደግሞ የተሰጠን መንጠቅ ይሆንባቸዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አንድ አዲስ ይሰፋሉ። ጨርቁን የሚችለው ሳዲቅ ነው። ይህን እንኳ ያወቅሁት በድንገት፣ ጥቅሉን ሲያቀብላቸው አይቼ ነው። ሳዲቅ በዓይኑ ጠቀሰኝና፣ “አደራ፣ አላየህም። ሰደቃ ከተወራ ወሬ ነው የሚሆነው” አለኝ።

አንዳንዱ ልዋጭ ያስቃል፤ የማያስቀው ይበዛል። አንዷ አሮጊት ካናቴራውን ለእንሥራ ማዘያ አድርገውት ነበር። አንዱ ነጋዴ የአህያ ጀርባ ቁስል አልብሶበት ነበር። ወደ ማሻ በሚወስደው መንገድ ዳር ደግሞ አንድ ገበሬ ለማሽላው ማስፈራሪያ ተክሎ፣ ካናቴራውን ከነፊቱ አልብሶታል። ጋሽ ይሄነው በዚያ አጭር እግራቸው እዚያ ድረስ ሄዱ።

ገበሬው፣ “ጋሼ፣ ወፉ እኮ ፈርቷት ነበር፤ ምን አጣላዎት?” አላቸው።

“አዲስ ላለብስልህ ነው።”

“እንጨቱን ነው የሚያለብሱት? እኔ ራቁቴን ቆሜ!”

ሁለቱንም አለበሱ፤ ገበሬውንም፣ እንጨቱንም። የገበሬው ልክ ትክክል ሆነ። የእንጨቱ ሰፋ።

እኔ ይህን ሁሉ ስሰማ ቆይቼ፣ አንድ ቀን፣ “ጋሽ ይሄነው፣ አንዱ እኔም ቤት አለ” አልኋቸው።

“አውቃለሁ” አሉ። “ባለፈው ኅዳር ውርጭ ከኮትህ ሥር አየሁት።”

“ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?”

“መጽሐፍ የምታነብ ሰው ነህ፤ ራስህ ይገባሃል ብዬ ጠበቅሁ።”

በሕይወቴ ብዙ ተግሣጽ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያቃጠለኝ የለም። በማለዳው አጥቤ፣ ተኩሼ ወሰድሁላቸው። ልዋጩን አልቀበልም ብል አልሆነም፤ ይኸው አሁን ስጽፍ የለበስሁት እሳቸው የሰፉት ነው።

ያን ጠዋት ወደ ቤታቸው አስገቡኝ። አልጋቸው ግርጌ ካለ የእንጨት ሣጥን ላይ ብርድ ልብሱን ገለጡና ከፈቱት። የታጠቡ፣ የታጠፉ ካናቴራዎች ሞልተውበታል፤ ሁሉም ፊታቸው ወደ ውስጥ ነው።

“እንዳላቃጥለው በሕይወት ያለች ልጄ ናት፤ እሳት ውስጥ አልከታትም። እንዳልቀድደው መቀሱን ስይዝ እጄ አልታዘዝ ይለኛል። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው ጨርቅ ስቆርጥ፤ በዓይኗ መሐል መቀስ እንዴት ላሳልፍ? ስፌት ቢሆን ተርትሬ አወጣው ነበር። ቀለም ነው፤ አይተረተርም።”

ሣጥኑን ዘጉና ከላዩ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ውጪ ጉም ወርዶ የጎረቤት ቤት እንኳ አይታይም። እኔ ተስፋ መቁረጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝና፣ “አብሽሩ፤ ሁሉንም ሲሰበስቡ ልጅቱ ሰምታ ትመጣለች” አልኋቸው።

“አትመጣም” አሉ። “የምትሸሸው ካናቴራውን አይደለማ። እሱን እኮ እኔም ሳውቅ ነው ዓመት ሙሉ ጨርቅ የማሳድደው። መርፌ ሲሆን ይቀለኛል።”

“ታዲያ ምኑን ነው የምትሸሸው?”

“ያን ቀን ደሴ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ሄለን ስልኳን ስታወጣ ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አቅም የላትም እኮ፤ ባላት አቅም ነው ያዞረችው። ሄለን እንኳ ‘ካልፈለገች ይቅር’ ብላ እጇን መለሰች።” መዳፋቸውን ዘርግተው አዩት። “እኔ ነኝ አገጯን ይዤ ያዞርኋት። እንዲያዝኑላት ብዬ፤ እንዳትሞትብኝ ብዬ። በኋላም ‘ማን ጠየቀኝ’ ስትል ስለ ማን እንደምታወራ ገብቶኛል። ስለገባኝ ነው ውለታ ቢስ ብዬ የጮኽሁባት።”

ዞር ብለው አዩኝ።

“አለምነው፣ አንተ ብዙ አንብበሃል። ሰው ለገዛ ልጁ ሽማግሌ ልኮ ያውቃል?”

“ሰምቼም አላውቅ።”

“እኔም አልሰማሁ። ለኮበለለች ሚስት ይላካል። ለባላጋራ ይላካል። ደም የተቃባም ይልካል። ልጅ ነው እንጂ ወደ አባቱ የሚልክ፣ አባት ወደ ልጁ ላከ ሲባል አልሰማሁም። እቴቴን ብነግራት ‘አገር ይስቅብሃል፤ በእግሯ ትምጣና ጉልበትህን ትሳም’ አለችኝ። ይሳቅብኝ። አንተ ለንግሥ በዓል ደሴ እንደምትወርድ ሳዲቅ ነግሮኛል። መጽሐፍ ስታውሳት ኖረሃል፤ አንተን ታስገባሃለች። ነይ አትበላት፤ አታባብላት፤ ስለ ሣጥኑም አትንገራት፣ ውለታ ይመስልብኛል። ሽማግሌ እንደሚቆመው በራፏ ላይ ቁምና፣ አገጭሽን ይዤ ያዞርሁሽ እኔ ነኝ፣ አጥፍቻለሁ ብሏል አባትሽ በላት። አፈር ስሆን፣ ወንድሜ፣ ሽማግሌ ሁነኝ።”